ከ126 በታች

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የልቤ ምት መዛባትና የደም ስኳሬ እንዴት እንደተገናኙ ላውጋችሁ።

የፋሲካ ማግስት ነው የጀመረኝ። ጋደም ብዬ የእጄን የደም ሥር ስዳብስ የሚቆጠር ነገር አጣሁ። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ይዘላል፣ ደግሞ ይጣደፋል፤ ምቱ እንደጠፋበት ከበሮ መቺ። ባለቤቴ «ጠጁ ነው» አለች። አልተሳሳተችም፣ አልኮል ይቀሰቅሰዋል።

ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ተነሳሁ፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ተባለ። የልብ የላይኞቹ ክፍሎች አብረው መኮማተር ትተው ይርገበገባሉ። እዚያ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ወደ ጭንቅላት ከሄደ ስትሮክ ነው። ደም ማቅጠኛ ጀመርኩ።

ከዚያ ሐኪሟ የወገቤን ዙሪያ ለካችና «ስኳር አለብዎት?» አለችኝ። «የለብኝም!» አልኩ፣ በኩራት። የድሮ ውጤቴን አሳየኋት፤ በባዶ ሆድ የደም ስኳር 112 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር)። ከ100 እስከ 125 ያለው ቅድመ ስኳር እንደሚባል ያን ቀን ሰማሁ። የስኳር ሕመም የሚባለው ከ126 ጀምሮ ስለሆነ፣ እኔ ለዓመታት «ከ126 በታች» ብዬ ነበር ያነበብኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡንቻና ጉበት ለኢንሱሊን፣ የደም ስኳርን ለሚቀንሰው ሆርሞን፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሉ ቆሽት አብዝቶ ያመነጨዋል። ስኳሩ ተጭኖ ስለተያዘ ወረቀቱ ላይ ደህና ይመስላል። በዚያው ጊዜ ግን ኩላሊት ጨው ይይዛል፣ ግፊት ይወጣል፣ የልብ የግራ ላይኛው ክፍል ይለጠጣል፣ ዙሪያውን ስብ ይከባል፣ ጡንቻው ውስጥ ጠባሳ ይገባል። የልብ ኤሌክትሪክ ጠባሳ ሲያጋጥመው መንገድ እንደተቆፈረበት ታክሲ በውስጥ ለውስጥ ይዞራል፤ ምቱም ይዛባል።

የኔ ከዚህ ብቻ መጣ አልልም። ግፊት አለብኝ፣ አንኮራፋለሁ፤ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥም ለዚህ ይዳርጋል። ሁሉም ግን የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው።

«ጾሜ ነበርኮ!» አልኳት ሐኪሟን፤ ሙሉ ሁዳዴን። «ምን ይበሉ ነበር?» አለችኝ። ፓስታ፣ ዳቦ በማርማላታ፣ ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር... ለካ የጾምኩት ሥጋውን ነው።

አውስትራሊያ፣ አደሌድ ውስጥ የተሠራ፣ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ ጥናት አለ። ይህ ሕመም ካለባቸው ወፍራም ሰዎች ውስጥ ቢያንስ 10 በመቶ ክብደት የቀነሱት፣ ምታቸው ሳይዛባ የመቆየት ዕድላቸው ያን ያህል ካልቀነሱት ስድስት እጥፍ ነበር። 94 ኪሎ ነበርኩ፤ አሁን 89 ነኝ። ሻዩም አንድ ማንኪያ ላይ ደርሷል። ያቺ አንዷ ናት እምቢ ያለችኝ።