ዋሻዋ የት ትወጣለች?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው።

አገራችን ውስጥ መጨረሻ ያለው ዋሻ አለ? እኔ አልሰማሁም። ስለ ዋሻ የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ «እሱማ እንትን ጋ ነው የሚወጣው» ይላችኋል። ከጅማ ወጣ ብሎ፣ ቡና ውስጥ፣ ከሥሯ ውሃ የሚፈልቅ አንዲት ትንሽ ዋሻ አለች። አንዱ ጂሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሥር ነው የምትወጣው አለኝ። ሌላው ጊቤ ድረስ ወሰዳት። እዚህ አካባቢ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ላይ መሳቅ ይከብዳል። የግልገል ጊቤ ሁለት ውሃ ተራራ ሥር 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። እርግጥ እሱን የቆፈረው ማሽን ነው።

እኔና አንድ ሰርቬየር ጓደኛዬ ታዲያ ወሬውን ትተን እንለካት ተባባልን። የቦታውን ስም አልናገርም። ነገ አንዱ በስልክ መብራት ገብቶ ጉድ እንዳይሆን።

ዋሻ ሲባል ብዙዎቻችሁ ትዝ የሚላችሁ የባሌው ሶፍ ዑመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የብሪታንያ ዋሻ አጥኚዎች መጥተው ለክተውታል፤ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ነው። እሱ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዌብ ወንዝ ድንጋዩን እያሟሟ ነው የሠራው። የእኛ አካባቢ ሌላ ነው። ተራሮቻችን እሳተ ገሞራ የተፋቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ቅላጩ፣ ማለትም የቀለጠው ድንጋይ፣ ይፈስና ይረጋል፤ ባዛልት የምንለው ጥቁር ድንጋይ እሱ ነው። ላዩ አፈር ይሆናል፤ ከዘመናት በኋላ ሌላ ቅላጭ ይመጣና አፈሩን ጠብሶ ይሸፍነዋል። ዝናቡ በባዛልቱ ስንጥቅ ወርዶ እዚያ የተጠበሰ ቀይ አፈር ላይ ሲደርስ ቁልቁል መውረድ ያቅተዋል፤ ወደ ጎን ይሄዳል። እየሄደም አፈሩን ይዞ ይወጣል። የእኛዋ ዋሻ የተፈጠረችው እንደዚህ ነው። ጣራዋ ጥቁር ባዛልት ነው፣ በመዶሻ የማይነካ። ግድግዳዋን ግን በጥፍሬ ስፍቀው ቀይ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ።

አፏ ላይ የጃርት እሾህ ወድቆ አገኘን። ጓደኛዬ «ጃርት ከሆነ ይሁን፣ ጅብ ግን ካለ እኔ የለሁበትም» አለ። ጅብ አልነበረም።

አለካኩ ቀላል ነው፤ አሰልቺ ግን ነው። አንድ ነጥብ ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ የሚታይ ሌላ ነጥብ ትመርጣላችሁ። ርቀቱን በሜትር፣ አቅጣጫውን በኮምፓስ፣ ሽቅብ ቁልቁለቱን በክሊኖሜትር ትወስዳላችሁ። ከነጥቡ እስከ ግራና ቀኝ ግድግዳ፣ እስከ ጣራ፣ እስከ ወለል ያለውንም ትጽፋላችሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ነጥብ። ዳገት ቁልቁለቱ ለምን ያስፈልጋል ካላችሁ፣ 30 ዲግሪ ሽቅብ የተዘረጋ 5 ሜትር ካርታ ላይ የሚይዘው 4.33 ሜትር ብቻ ስለሆነ ነው።

ችግሩ ኮምፓሱ ነው። ባዛልት ውስጥ ማግኔታይት የሚባል ብረት አዘል ማዕድን አለ፤ መርፌዋን ይጎትታታል። ይህን የምታውቁት ወደኋላ ዞራችሁ ስታነቡ ነው። ከዚህ ወደዚያ 40 ዲግሪ ካለ፣ ከዚያ ወደዚህ 220 ማለት አለበት። እኛ አንድ ቦታ ላይ 227 አለን። መጀመሪያ የጠረጠርነው የግንባር ባትሪያችንን ነበር። አውልቀን አራቅነው፤ ያው ነው። ድንጋዩ ነው ማለት ነው። ጓደኛዬ ግን አልደነገጠም። አንድ ነጥብ ላይ ቆመህ ወደኋላም ወደፊትም ብታነብ ሁለቱም እኩል ይሳሳታሉ፤ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ትክክል ነው። ስለዚህ ማዕዘኑን እየያዝን ቀጠልን። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ብልሃት ሳይ ደስ ይለኛል።

ውሃው እስከ ጉልበት ነው፤ ይበርዳል። አንድ ቦታ ቀና ስል ጣራው ስንጥቅ ውስጥ የቡና ቅጠል ተወትፏል። ከጎኑ የተቀደደ ጥቁር ፌስታል አለ። ጣራው ላይ! ማን ሰቀለው? ውሃው ነዋ። ክረምት ላይ ይህ መተላለፊያ እስከ አናቱ ይሞላል ማለት ነው። እኛ የገባነው በጥር ነው፣ ሰማዩ ጠርቶ። ያም ሆኖ ፌስታሉን ካየሁ በኋላ ጆሮዬ ከውሃው ድምፅ አልተላቀቀም። ጅማ ዝናብ አታጣም፤ ደግሞ እናንተ ያላችሁበት ባይዘንብም ላይ ከዘነበ ደራሽ ውሃ ይመጣል። ውጭ ሰው አስቀምጠን፣ የምንወጣበትን ሰዓት ነግረን ነው የገባነው። መብራትም ለእያንዳንዳችን ሁለት መጠባበቂያ ነበረን።

የሌሊት ወፍ ነገር። በስተቀኝ የሌሊት ወፍ ኩስ የተከመረበት ጓዳ አለ። አልገባንበትም፤ ደብተሩ ላይ «አልተለካም» ብለን አለፍን። የደረቀ ኩስ አቧራው ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊይዝ ይችላል። ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ ተገኝቷል። ማርበርግን የምትሸከመው ደግሞ ዋሻ ውስጥ የምታድር ፍራፍሬ በሊታ የሌሊት ወፍ ናት። የእኛዎቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ ቀርቤ የማጣራበት ምክንያት አልታየኝም።

መጨረሻ ላይ ጣራው ይወርዳል፤ በደረት መሳብ ይመጣል። ከዚያ ውሃውና ጣራው ሊገናኙ አንድ ጭብጥ ሲቀራቸው ቆምን። ነፋስ ግን ከዚያ ቀዳዳ ፊቴ ላይ ይመጣ ነበር። ካርታ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ በግድግዳ አይዘጋም፤ የጥያቄ ምልክት ነው የሚደረግበት። እዚያ ያለቅነው እኛ ነን እንጂ ዋሻዋ አይደለችም።

ቤት ገብተን ስንደምረው መቶ ሜትር እንኳ አልሞላም። ግማሽ ቀን ፈጅቶብን! መጀመሪያ አፈርኩ። በኋላ ሳስበው ግን ጊቤ ትደርሳለች ያሉኝ ሰዎች አልዋሹም፤ በጉልበታቸውና በደረታቸው ነው የለኩት። በጨለማ፣ በጉልበት የተለካ መቶ ሜትር ጊቤ ቢደርስ አይፈረድበትም። እኔ ግን ትንሿን ቁጥር ከነጥያቄ ምልክቷ እመርጣለሁ። ከጊቤው ወሬ ይልቅ እንድመለስ የምታጓጓኝ እሷ ናት።

ካርታውን የመሬቱ ባለቤት ለሆኑት አባት አሳየናቸው። አገላብጠው አዩት። «እሺ ልጆቼ፣ ውሃው ታዲያ ከየት ይመጣል?» አሉ። ከላይ፣ ጉብታው ጀርባ፣ አንድ ጅረት ድንጋይ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል አሉን። ያው ውሃ ይሁን አይሁን ማንም አላየም። ጓደኛዬ ቀለም ጨምረን እናያለን ሲል አቋረጡት፤ «መንደሩ የሚጠጣውን አረንጓዴ አድርገህ ማን ሊያናግርህ ነው? የቡና ገለባ እያለ!»

ልክ ናቸው። ገለባ ይንሳፈፋል፣ ጅማ ውስጥ ደግሞ ሞልቷል። ስለዚህ ዝናቡ ሳይገባ እሳቸው ላይ ሆነው አንድ ቁና ይበትናሉ፤ እኛ ታች ወንፊት ደቅነን እንጠብቃለን። ካልወጣ አይገናኝም ማለት አይደለም፤ መንገድ ላይ ተይዞ ሊቀር ይችላል። ከወጣ ግን ያቺ የጥያቄ ምልክት ወዴት እንደምታመራ ይታወቃል። የሆነውን በሚቀጥለው ክፍል እነግራችኋለሁ። ቻው።