ሁለት ሰርቨር፣ ሦስት ድምፅ

ክቡራትና ክቡራን፣ በየሆስፒታሉ የሰርቨር ክፍሉን የምትጠብቁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ስለ አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። በምሠራበት ሆስፒታል ሁለት ሰርቨሮችን ፕሮክስሞክስ በሚባል ሶፍትዌር አገናኝቼ፣ የካርድ ክፍሉን፣ የላቦራቶሪውንና የፋርማሲውን ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለትም በሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠሩ ኮምፒውተሮች፣ በላያቸው አስቀምጬ ነበር። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን ይረከባል ብዬ ለአለቆቼ አፌን ሞልቼ ተናግሬአለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የአንደኛው ሰርቨር ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ። ጤነኛው ግን ሥራውን አልተረከበም። ከአንድ ደቂቃ ያህል በኋላ እርሱም ጠፍቶ ተነሣ፤ ከተነሣ በኋላም አንድ ማሽን እንኳ ሳያስጀምር ቆመ። ሲነጋ ከገጠር የመጡ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ተሰልፈው ነበር። መዝገባቸው ያለበት ዲስክ ደኅና ነው፤ ማንም ግን ሊከፍተው አልቻለም።

ያ ሰርቨር ብልሽት አልነበረበትም። ያደረገው በትክክል የታዘዘውን ነው፤ ጉድለቱ የእኔ አሠራር ነበር።

ክላስተር፣ ማለትም እንዲህ የተገናኙ ሰርቨሮች ስብስብ፣ የሚመራው በምልዓተ ጉባኤ ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር አንድ ድምፅ አለው፤ ማሽን ለማስነሣት ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል። ከሁለት ድምፅ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚባለው ያው ሁለት ነው። ብቻውን የቀረ ሰርቨር ባልደረባው ይሙት ወይም በመካከላቸው ያለው ገመድ ይነቀል፣ ለይቶ ማወቅ አይችልም። ገመዱ ብቻ ተነቅሎ ቢሆንና ሁለቱም ያንኑ የሕሙማን መዝገብ ቢያስነሡ፣ የሐኪሙ ትእዛዝ በአንዱ፣ ፋርማሲው የሰጠው መድኃኒት በሌላው ይመዘገባል። እነዚያን ሁለት መዝገቦች መልሶ ማስታረቅ እጅግ ከባድ ነው። ለዚህ ነው ማሽኖቹን በአደራ የያዘ ሰርቨር ምልዓተ ጉባኤ ሲያጣ፣ ዎችዶግ የምንለው ቆጣሪ በ60 ሰከንድ ውስጥ አጥፍቶ የሚያስነሣው።

በአገራችን ባልና ሚስት ሲጋጩ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ይቀመጣል፤ በመካከል ደግሞ ሁለቱም የተስማሙበት ሰብሳቢ ይሰየማል። የእኛም ክላስተር የጎደለው ይህ ሰብሳቢ ነበር። ፕሮክስሞክስ ውስጥ ኪውዲቫይስ ይባላል። ቨርቹዋል ማሽን አይሸከምም፤ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ራስቤሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ወይም በመጋዘን የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃል። አደራ የምላችሁ፣ ከሁለቱ ሰርቨሮች በአንዱ ላይ በሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አታስቀምጡት፤ ከተሸካሚው ጋር አብሮ ይወድቃል። መብራቱንም ከሌላ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚያቆየው መሣሪያ፣ ያግኝ።

ሦስተኛው ድምፅ ከገባ፣ አንድ ሰርቨር ቢወድቅ ማሽኖቹ በ2 ደቂቃ ገደማ በሌላው ላይ ይነሣሉ። ይነሣሉ ስል እንደ አዲስ ማለቴ ነው፤ ነርሷ ጽፋ ሳታስቀምጥ የቀረችው ነገር ይጠፋል። ይህን አስቀድማችሁ ንገሯት።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። ማሽኑ በሌላው ሰርቨር የሚነሣው ዲስኩ እዚያ ካለ ነው። ሁለቱም ሰርቨሮች የሚጋሩት የዲስክ ማከማቻ ለመግዛት አቅም የሌለው ሆስፒታል፣ የአንዱን ዲስክ በየጊዜው ወደ ሌላው በሚገለብጠው በዜድ ኤፍ ኤስ ቅጂ ይጠቀማል፤ ቅጂው ካልቀየራችሁት በየ15 ደቂቃው ነው የሚሄደው፣ ቢበዛ ወደ 1 ደቂቃ ዝቅ ይላል። ለፋይል ማስቀመጫ ይህ በቂ ነው። ለላቦራቶሪ ግን አይበቃም እላለሁ። 15 ደቂቃ ማለት ደሙ ተመርምሮ፣ ውጤቱ ተመዝግቦ፣ ሐኪሙ አይቶት፣ ከዚያ በኋላ ከመዝገብ ሊጠፋ የሚችልበት ጊዜ ነው። ለእንዲህ ያለው ዳታቤዝ ዲ አር ቢ ዲ የሚባል፣ የሚጻፈውን ሁሉ ወዲያው ወደ ሌላው ሰርቨር ዲስክም የሚልክ ሶፍትዌር አለላችሁ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ ይገኛል። ፕሮቶኮል ሲ በሚባለው አሠራሩ ስታዘጋጁት፣ ጽሑፉ በሁለቱም ዲስኮች ላይ ሳይሰፍር «ተጽፏል» አይልም። በሰርቨሮቹ መካከል ፈጣንና ለብቻው የተዘረጋ ገመድ ይፈልጋል፤ ለዚያ ገመድ ገንዘብ ተከራከሩ።

ሜሞሪውንም አስሉ። እያንዳንዱ ሰርቨር 128 ጊጋባይት ኖሮት በሁለቱም ላይ 90፣ 90 ከጫናችሁ፣ በክፉ ቀን 180 የሚሸከም የለም። በስህተት የተሰረዘ መዝገብም በሁለቱም ላይ ይሰረዛል፤ ስለዚህ ባክአፕ የግድ ነው።

ሰብሳቢዋን ትንሽ ኮምፒውተር ከገጠምን በኋላ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት የካርድ ክፍል ሠራተኛዋንና ተረኛዋን ነርስ ጠራናቸው። ባክአፑን አረጋገጥን፤ ሠራተኛዋ የሙከራ ካርድ ከፍታ ስም እንድትጽፍ ጠየቅኋት። ስታስቀምጥ የአንደኛውን ሰርቨር የመብራት ገመዶች ከጀርባው ነቀልኩ። ገጹ ደረቀ። ማንም አልተናገረም፤ ነርሷ ሰዓቷን ትመለከት ነበር። ሁለት ደቂቃ አልፎ ጥቂት ሰከንዶች ሲጨመሩ ሠራተኛዋ እንደገና ገባች፤ የጻፈችውን ስም ፈልጋ ጮክ ብላ አነበበችልን።

ይህን ሙከራ በየሆስፒታላችሁ የምታደርጉበትን ቀን ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ እንድትቆርጡ እለምናችኋለሁ። አመሰግናለሁ።