ፊደሉን በዜማ ያውቀዋል፣ ማንበብ ግን አይችልም
(ድሬዳዋ፣ ለ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ወላጆች)

እንዴት አረፈዳችሁ ወላጆች፣ አሰላሙ አለይኩም። ቬንትሌተሩ አንዱ ብቻ ነው ሚሰራው ስለዚህ ወደዚህ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እኔም አላረዝምም፣ ሙቀቱ ራሱ አያስረዝመኝም።

አምና ሁለተኛ ክፍል አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ሲወርደው ብትሰሙት አፋችሁን ይዛችሁ ነው ምትቀሩት፣ እኔም ጎበዝ እያልኩ አሳለፍኩት። አንድ ቀን ገበታውን ሸፍኜ ሰሌዳው ላይ «ሾላ» ብዬ ፃፍኩ። ዝም አለ። ከዛ ከንፈሩን አየሁት፣ ሸ ሹ ሺ ሻ ሼ ሽ ሾ ብሎ በጣቱ ቆጥሮ ደረሰባት፣ ቀጥሎ ለ ሉ ሊ ላ አለ፣ ላ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያዋ ምን እንደነበረች ጠፋችው! 33 ፊደል በ7 ስታበዙት 231 ነው፣ እነ ቧና ሏን ሳንጨምር፣ እንግዲህ ለእያንዳንዷ ይሄን ያህል ቆጥሮ ማን ያነባል? እኔ ደግሞ ካርዱ ላይ «ትኩረት ይጎድለዋል» ብዬ ነበር የፃፍኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።

የኛ ልጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከምንባቡ አንድ ቃል ማንበብ አልቻሉም፣ ያውም በሚማሩበት ቋንቋ። ቁጥሩ ቆይቷል፣ ነገሩ ግን ክፍሌ ውስጥ አለ።

ዘንድሮ ያሰብነው እንዲህ ነው፣ አምስት አምስት ልጅ እየያዝን በሳምንት አራት ቀን ጠዋት ከሰልፍ በፊት 30 ደቂቃ። ገበታ የለም ዜማ የለም። ለ እና በን ከነዘራቸው ይዘን በላ፣ ላባ፣ ባላ እያሉ ቃል ይሰራሉ፣ እሱ ሲለመድ ሌላ ፊደል እንጨምራለን። ቤቱ ሶማሊኛ ወይ ኦሮምኛ ሚናገር ልጅ ካለ ቃሉን መጀመሪያ በስእል እናሳየዋለን፣ የማያውቀውን ቃል ቢያነበው ምን ያደርግለታል። አንዷ የላባ ስእል አይታ «ባል!» ብላ ጮኸች፣ በሶማሊኛ ባል ማለት ክንፍም ላባም ነው፣ ክፍሉ በሳቅ ሞተ (እናንተም ሳቃችሁ አይደል)፣ ልጅቷ ግን ልክ ነበረች።

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። «ገና» በዓሉም ነው፣ «ገና አልመጣም» ሚለውም ነው፣ ፅሁፉ አይለይልህም፣ ቁቤ፣ የኦሮምኛው አፃፃፍ፣ ቢሆን ሚጠብቀውን ፊደል ሁለቴ ይፅፈዋል። በአማርኛ ልጁ ከአረፍተነገሩ ነው ሚገምተው፣ አንድ ቃል ላይ ሲታገል የቆየ ልጅ ደግሞ አረፍተነገሩ ከእጁ አምልጧል፣ ለዛ ነው ቶሎ ቶሎ ማንበብ እንዲለምድ ምንፈልገው፣ ለፉክክር አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ «ልጄ ምን ሆነና ነው ለብቻ ሚወጣው» ትላላችሁ፣ እረዳለሁ፣ ልጆቹም «የሰነፎች ክፍል» ይሉታል። አቦ ሰነፍ ሚለውን ቃል እንተወው። መጀመሪያ አይንና ጆሮውን አስመርምሩልን፣ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ስናመጣው በሳምንት «ጎበዝ» የሆነ ልጅ አይቻለሁ፣ ሰሌዳው አይታየውም ነበር በቃ።

ከናንተ ምፈልገው ማታ 10 ደቂቃ ነው። ማንበብ ባትችሉም ችግር የለም፣ እሱ ያንብብ እናንተ ስሙ፣ ሲሳሳት አትምቱት፣ ትንሽ ጠብቁት። አባቶች በርጫ ላይም ብትሆኑ ጆሮ አይጠፋም መቼም። ከቀፊራ ገበያ ስትመለሱ ደግሞ የሱቁን ታፔላ ባጃጁ ጀርባ ላይ የተፃፈውን አስነብቡት፣ ለሱ ደብተር አያስፈልግም።

ሰኞ እንጀምራለን፣ ክፍያ የለውም። ፎርሙ በሩ ጋ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ስልክ ቁጥራችሁንና ቤት ውስጥ ምትናገሩትን ቋንቋ ሙሉልኝ፣ መሙላት ያስቸገረው እኔጋ ይምጣ አብረን እንሞላለን።