ሥሩን እዩልን፦ በድሬዳዋ ለጡረተኞች ጠቅላላ ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎችና የአስተዳደር እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ። አሰላሙ ዓለይኩም። አካም ቡልተን። ሱባሕ ወናግሰን።

ሰብሳቢያችን «ሲስተር፣ ስለ ጤና አንድ ነገር በይን» ሲሉኝ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር እንደማወራ አስበው ይሆናል። ስለ እነሱ ብዙ ሰምታችኋል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ እግር ላወራችሁ ነው። ባታችን ላይ ስለሚወጣጠረው ሥር፣ ቫሪኮስ ስለሚባለው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ዕድሜውን ቆሞ የሠራ ሰው ነው። የጨርቃ ጨርቅ ልጆች አላችሁ፤ ማሽን ፊት ቆማችሁ የተበጠሰ ክር ስትቀጥሉ ፈረቃው ያለቀባችሁ። የምድር ባቡር ሰዎች አላችሁ። ጠመኔ ይዛችሁ ትውልድ ያስተማራችሁ አላችሁ። ቀፊራ አትክልት የሸጣችሁ፣ ከዚራ ሆቴል ውስጥ ትሪ ይዛችሁ የዞራችሁ አላችሁ። በዚህ ላይ የድሬን ሙቀት ጨምሩበት። ሙቀት ቆዳ ሥር ያሉትን ደም ሥሮች ያሰፋቸዋል። እና ከሰዓት በኋላ እግራችሁ ሲከብዳችሁ፣ ጠዋት ልክ የነበረው ጫማ ማታ ሲጠባችሁ፣ ሌሊት ባታችሁ ሲሸማቀቅ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ ደም ወደ እግር መላክ አይከብዳትም። የሚከብደው መልሱ ነው። ደም መልስ የምንላቸው ሥሮች ደሙን ከቁርጭምጭሚት እስከ ደረት ሽቅብ መግፋት አለባቸው። ስንራመድ የባት ጡንቻ ይጨምቃቸዋል። ውስጣቸው ደግሞ ትንንሽ ቫልቮች አሉ፤ ወደ ላይ ብቻ እንደሚከፈት በር ደሙን ያሳልፉና ይዘጋሉ። እነዚህ ቫልቮች ሲላሉ ደሙ ቁልቁል ይመለሳል። ይጠራቀማል። ሥሩ ይለጠጣል፣ ይጠማዘዛል፣ ቆዳ ላይ ጎልቶ ይወጣል። በቤተሰብ ውስጥ ካለ፣ ደጋግሞ መውለድ ካለ፣ ውፍረት ካለ፣ ረጅም ሰዓት መቆም ካለ ይብሳል። ዝም ከተባለ ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጥ በኩል ያለው ቆዳ ይጠቁራል፣ ያሳክካል፣ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ አንድ ትንሽ ጭረት ትበቃዋለች።

አንዲት እህታችን አለች። ፈትል ክፍል ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ግማሻችሁ ታውቋታላችሁ። አስፈቅጃት ነው የማወራው። ሦስተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ግራ ጭኗ ላይ በውስጥ በኩል ሥር ወጣ። ከዓመት ዓመት ወደ ባቷ ወረደ። እናቷም እንዲሁ ነበሩና ቤት ውስጥ ማንም አልደነገጠም። አንድ ቀን የአልጋ ጠርዝ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ጫር አደረጋት። ጥፍር የማታህል ጭረት ናት። ይህች ጭረት ከአሥር ዓመት በላይ አልዘጋችም።

ያልተደረገላት ነገር የለም። ማር ተቀባች። ካፕሱል ተፈትቶ ዱቄቱ ተነሰነሰባት። ጂቪ የሚባለው የቁስል ቀለም ተቀብታ እግሯ ወይን ጠጅ ሆነ። ፀበል ተጠመቀች፤ ጎረቤቶቿ ዱዓ አደረጉላት። አንቲባዮቲክ ዋጠች፣ ተወጋች፣ እንደገና ዋጠች። ስኳር ተመረመረች፤ የለባትም። በየሳምንቱ ጤና ተቋም ሄዳ ቁስሏ ይታጠባል፣ በፋሻ ይጠቀለላል፣ በባጃጅ ትመለሳለች። ቤት ሳትደርስ ፈሳሹ ፋሻውን አልፎ ቀሚሷን ያረጥበዋል። ሽታውን ፈርታ ሠርግ ቀረች። ለቅሶ ስትደርስ ጥግ ይዛ፣ እግሯን ቀሚሷ ውስጥ ሰብስባ ነበር የምትቀመጠው። ያኔ ዕድሜዋ ገና ሃምሳ አልሞላም።

ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት «ቀሚስሽን እስከ ጭንሽ ሰብስቢና ቁሚልኝ» ያላት ባለሙያ አልነበረም። ሁሉም ያየው ፋሻው የተፈታበትን ቦታ ነው። ያዩዋትም አስተኝተው ነው። ሰው ሲተኛ ደግሞ ያበጠው ሥር ይሟሽሻል። አልጋ ላይ ሆኖ ቫሪኮስ ይደበቃል! አንዱማ «እናቴ፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው፤ ቻይው» ብሎ ሸኛት። አሥር ዓመት የቻለችውን ሴት «ቻይው» ይባላል?

በመጨረሻ ልጇ አዲስ አበባ ወሰዳት። እኔም አብሬ ሄድኩ። ሐኪሙ ፋሻውን እንኳን ሳይፈታ መጀመሪያ አቆማት። መርገጫ ላይ ወጣች፤ የሰውነቷን ክብደት በጤነኛው እግሯ ላይ አደረገች። ጄል ቀባና የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ብሽሽቷ ላይ አኖረ። በሌላው እጁ ባቷን ጨምቆ ለቀቀ። ሲጨምቅ ስክሪኑ ላይ ደሙ ሽቅብ ሄደ። ሲለቅ ያው ደም ቀለሙን ቀይሮ ቁልቁል ወረደ። ጤነኛ ሥር ላይ ይህ የኋሊት ፍሰት ከግማሽ ሰከንድ አይበልጥም፤ ቫልቩ ወዲያው ይዘጋዋል። የእሷ ግን ዝም ብሎ ይወርዳል። ዶክተሩ ስክሪኑን ወደ እሷ አዙሮ «ቁስልሽን ክፍት አድርጎ ያቆየው ይሄ ነው» አላት። እህታችን አለቀሰች። ከሕመሙ ይልቅ እስከዚያ ቀን ማንም ያላሳያት መሆኑ ነው ያስለቀሳት።

ሕክምናው ምን ነበር? ቢላዋ የለም። ሙሉ ሰመመን የለም። አልትራሳውንድ እያየ በቀጭን መርፌ ሥሩ ውስጥ ከመድኃኒት የተሠራ፣ ሥሩን የሚዘጋ አረፋ ከተተ። ፋሻ አሠረ፣ ጠባብ ካልሲ አጠለቀላትና «ተነሺ፣ ተራመጂ» አላት። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ በእግሯ ወጣች። በኋላ አንዴ ተደገመላት። በወራት ውስጥ ቁስሉ ዘጋ። ባለፈው ሠርግ ላይ ስትጨፍር ያያችኋት ሁሉ ምስክሮቼ ናችሁ።

አሁን ስለ ሕክምናዎቹ ላስረዳችሁ፤ ብዙ ሰው «ኦፕራሲዮን ነው» ብሎ ስለሚፈራ። ድሮ እውነትም ኦፕራሲዮን ነበር። ብሽሽት ተከፍቶ ረጅሙ ሥር በሽቦ ተጎትቶ ይወጣል። ባብኮክ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ይህን መንገድ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ሰው ከዚያ በኋላ ሳምንታት ይተኛ ነበር።

ዛሬ ሥሩን መንቀል የግድ አይደለም። እዚያው ባለበት ይዘጋል። አንዱ መንገድ ሙቀት ነው። ጉልበት አካባቢ በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ይገባና ብሽሽት አጠገብ ይደርሳል። በሥሩ ዙሪያ በብዙ ውኃ የቀጠነ ማደንዘዣ ይወጋል፤ ሕመሙንም ይወስዳል፣ ቆዳውንም ከቃጠሎ ይጠብቃል። ከዚያ በሬዲዮ ሞገድ ወይም በሌዘር ሥሩ ከውስጥ ይሞቃል። በሬዲዮ ሞገዱ 7 ሳንቲ ሜትር የምታህል ጫፍ እስከ 120 ዲግሪ ትሞቅና በ20 ሰከንድ ያን ክፍል ትዘጋለች፤ ሐኪሙ ዝቅ እያደረገ ይቀጥላል። ሰውየው በዚያው ቀን በእግሩ ቤቱ ይገባል። ሙቀት የሌለው፣ ሥሩን በሕክምና ሙጫ የሚዘጋም አለ፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ተፈቅዷል። ላይ ላይ የሚታዩት ጥምዝምዝ ሥሮች ደግሞ ስፌት በማያስፈልጋቸው ሚጢጢ ቀዳዳዎች ይወጣሉ።

አረፋው ግን ልቤን የያዘው ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ቴሳሪ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳየው መንገድ ሁለት ስሪንጅና ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ ብቻ ይፈልጋል። አንደኛው ስሪንጅ ላይ መድኃኒቱ፣ ሌላኛው ላይ አራት እጥፍ አየር። ወዲያ ወዲህ ሲገፋ ነጭ አረፋ ይሆናል። አረፋው ሥሩ ውስጥ ያለውን ደም ገፍቶ ያስወጣና ግድግዳውን ያጣብቀዋል። ይኸው ነው። የሌዘር ማሽን አያስፈልግም። መድኃኒቱ፣ መርፌ፣ አልትራሳውንድ፣ የሠለጠነ እጅ። ከሙቀቱ ሕክምና ይልቅ ሥሩ ተመልሶ የመከፈት ዕድሉ ከፍ ይላል፤ መደገም ሊያስፈልገው ይችላል። ቢደገምስ? አሥር ዓመት ፋሻ ከመጠቅለል አይሻልም?

«ሥሩ ከተዘጋ ደሙ በየት ይሄዳል?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከእግር የሚመለሰው ደም 90 በመቶ ገደማ የሚሄደው በጥልቁ፣ በጡንቻ መሐል ባለው ሥር ነው። ላይኛው የተበላሸ ሥር ሥራውን ካቆመ ቆይቷል። ለዚህ ነው ከመዝጋት በፊት ጥልቁ ሥር ደህና መሆኑ በአልትራሳውንድ የሚታየው።

«ቫሪኮስ የቁንጅና ጉዳይ ነው» የሚሉ አሉ። የጤና ባለሙያዎችም ይላሉ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እስቲ ያን ቁስል አንድ ቀን እጠቡት! እስቲ ያን ፋሻ ፍቱት! ለአንዲት አትክልት ሻጭ እግሯ ሱቋም መኪናዋም ነው። እግሯ ከቆሰለ ልጆቿ ምን ይበላሉ? ይህን ቁንጅና የሚል ሰው እግሩን ሳያስብ የሚኖር ሰው ብቻ ነው።

የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ቁርጡን ተናግሯል። የሚያሠቃይ ቫሪኮስ ላለው ሰው መጀመሪያ የሙቀት ሕክምና ይቅረብ። እሱ ካልሆነ አረፋ። ኦፕራሲዮን ሦስተኛ ነው። ካልሲ ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ሌላው ሁሉ ለማይሆንለት ሰው ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ እዚያው እንግሊዝ በ20 ማዕከሎች 450 ቁስለኞች ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ። ሁሉም በሚገባ በፋሻ ተጠቅልለዋል። ግማሾቹ ሥራቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ ተዘጋላቸው፤ ሌሎቹ እንዲቆዩ ተደረገ። ቶሎ የታከሙት ቁስላቸው በአማካይ በ56 ቀን ዳነ። የቆዩት በ82። እዚያ ስለ ቀናት ነው የሚከራከሩት። እኛ ጋ ስለ ዓመታት ነው የማወራው!

ስለ ካልሲው አንድ ነገር ልበል። ጠባቡ ካልሲ ጥሩ ነው፤ እብጠት ይቀንሳል፣ ቁስል ያድናል። ግን በግንቦት ድሬ ላይ እስከ ጉልበት ጠባብ ካልሲ አጥልቆ መዋል ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ሰው በሳምንቱ ያወልቀዋል። አልፈርድበትም። ለዚህ ነው ከብርዳማ አገር ሰው በላይ ሥሩን መዝጋት የሚያስፈልገን እኛ ነን የምለው። ከሕክምናው በኋላ ካልሲው ለጥቂት ጊዜ ከታዘዘም፣ ሕክምናውን ቀዝቀዝ በሚለው በኅዳርና በታኅሣሥ ማድረግ ይቻላል።

ጥንቃቄዎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። እግሩ የሚቀዘቅዝ፣ ደም ወደ እግር የሚወስደው የደም ቅዳ ሥሩ የጠበበ ሰው ሳይመረመር ካልሲም ጥብቅ ፋሻም አያድርግ። ነፍሰ ጡር ሕክምናውን ከወሊድ በኋላ ታድርገው። አንድ እግር በድንገት ካበጠና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ትንፋሽ ካጠረማ ደቂቃ አትቁሙ። ያበጠ ሥር ፈንድቶ ከደማ ተጋድማችሁ እግራችሁን ከፍ አድርጉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን በሉት። ሕክምናዎቹም ጣጣ አያጡም፤ ቡናማ ጠባሳ፣ መደንዘዝ፣ አልፎ አልፎም የደም መርጋት አለ። ስለዚህ የሚያክማችሁ የሠለጠነ መሆኑን ጠይቁ። በርጫ ላይ እግር አጥፋችሁ ለሰዓታት የምትቀመጡም ተነስታችሁ ተራመዱ። ሱቅ ያላችሁ ለሠራተኞቻችሁ ዱካ አኑሩላቸው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። የጤና ኃላፊዎች ፊት ለፊቴ ስለተቀመጣችሁ በግልጽ እናገራለሁ። አልትራሳውንድ ድሬዳዋ አለ። ነፍሰ ጡር በየቀኑ ይታይበታል። በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ለእግር ይሰጥ። ከስድስት ሳምንት በላይ ያልዳነ የእግር ቁስል ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ይታይ። ሁለት ሐኪምና ሁለት ነርስ ለአረፋው ሕክምና ሠልጥነው ይምጡ። መድኃኒቱ የግዢ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። አዲስ አበባ ድረስ ትኬት ቆርጦ፣ ዘመድ አስቸግሮ መታከም የሚችለው ከመካከላችን ስንቱ ነው?

ጥያቄውን በጽሑፍ አዘጋጅተነዋል። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሻይ ከመጠጣታችሁ በፊት ፈርሙ፤ መፈረም ለማይመቸው የጣት አሻራ ቀለም አለ። ቁስል ያለባችሁ ወይም ቆዳችሁ የጠቆረ ደግሞ ከስብሰባው በኋላ በጓሮ በኩል ባለው ክፍል እጠብቃችኋለሁ። ሴቶች መጀመሪያ፣ ወንዶች ቀጥሎ። ሽርጥ የለበሳችሁ ቀንቷችኋል፤ ሱሪ የለበሳችሁ ግን ሰፋ ያለ ነገር ተዋሱ፣ እስከ ጭን ነው የማየው።

አመሰግናለሁ።