የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የቤት ደጃፍ አትክልት ከደሴ እስከ ሐይቅ

በስልክ መስመር ላይ ሰዓቱ ስላጠረን በጥድፊያ የመለስኳቸውንና ጭራሽ ያልደረስኩባቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ከደሴ፣ ሆጤ አካባቢ የደወለች እህት፦ «እህቴ አሜሪካ፣ ሳንዲያጎ ትኖራለች። የቤቷ ደጃፍ ሳር የለውም፤ በጠጠር ተሸፍኖ በመካከሉ እሬት፣ ቃጫ የሚመስል ትልልቅ ተክልና ላቬንደር ተተክሎበታል። ፎቶውን ልካልኝ በጣም ወደድሁት። እዚህ ይሆናል?»

መልኩ ይሆናል፤ አሠራሩ ግን እንዳለ አይገለበጥም። ሳንዲያጎ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ባሕሩ በጋውንም ሆነ ብርዱን ስለሚያለዝበው በዳርቻው ውርጭ እምብዛም አይታይም። ዝናቡ በዓመት 250 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን የሚዘንበውም በአብዛኛው በብርድ ወራቸው፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ሙቀቱ ሲገባ ሰማዩ ይዘጋል። የላቬንደርና የጥብስ ቅጠል አገር የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያም በዚሁ ሥርዓት የሚኖር ነው፤ ተክሎቹ በብርዱ ወቅት ይጠጣሉ፣ በሙቀቱ ወቅት ይጠማሉ።

ደሴ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ በልጉ ድርሻውን ሰጥቶ ሲያበቃ ዋናው ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ ላቬንደርን የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን የነሐሴ ውሃ ነው። ሥሩ ይበሰብስና ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ባለቤቱ ደግሞ የጠማው መስሎት ውሃ ይጨምርለታል። በመስከረም ተነቅሎ ሲታይ ሥሩ ጥቁርና ልፍስፍስ ሆኖ ይገኛል።

ጠጠር ከማስጫንሽ በፊት አፈርሽን ፈትኚው። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሪ፣ በውሃ ሙዪውና ሲሰርግ ጠብቂ፤ ከዚያ እንደገና ሙዪው። በማግስቱ ጠዋት ውሃው እንደቆመ ካገኘሽው አፈርሽ ዋልካ ነው ማለት ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ጠጠር ቢነሰነስ ጠጠሩ ቀስ በቀስ ይሰምጣል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የሚያዋጣው ከመሬቱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የድንጋይ መደብ ሠርቶ፣ አፈሩን ከአሸዋና ከደቃቅ ጠጠር ጋር ደባልቆ በዚያ ላይ መትከል ነው። ግድግዳው በሲሚንቶ ከተሠራ ከሥሩ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ይኑረው። አንዳንድ ሠራተኞች አረም እንዳይበቅል ብለው ከጠጠሩ ሥር ላስቲክ ያነጥፋሉ፤ አትፍቀጂላቸው። ውሃውን አግዶ አፈሩን ያፍነዋል፤ አረሙ ደግሞ ጎርፍ ባመጣው ደለል ላይ ከላስቲኩ በላይ መብቀሉ አይቀርም።

የጣሪያሽን ውሃም አትርሺው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ጣሪያሽ 60 ካሬ ሜትር ከሆነ በአንድ ከሰዓት በኋላ የወረደ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,200 ሊትር ነው፤ ባለ 200 ሊትሩን በርሜል ስድስት ጊዜ ይሞላል። ያ ሁሉ አሸንዳ በሌለው ቆርቆሮ ደጃፍሽ ላይ ከወረደ ጠጠሩ ቁልቁል ጎረቤት ግቢ ይገባል። የጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ ለተሠራ ቤት አሸንዳ ከአበባ ይቀድማል።

ተክሉን በተመለከተ፣ ለዚያ አመድማ አረንጓዴ መልክ የሚሆነው በእጃችን አለ፦ እሬት፣ አሪቲ፣ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል። በድንጋዮቹ መካከል ጦስኝ ይግባ፤ የራሳችን ደጋ ተክል ነው፣ መሬት ይዞ ይሳባል፣ ሲረገጥም ይሸታል። ጤና አዳምን በጠራራ ፀሐይ አትቁረጪ፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቆስል ይችላል። ቃጫ ከወደድሽ ከመተላለፊያው አርቀሽ ትከዪው፣ ጫፉ የልጅ ዓይን ያጠፋል። የእኔን አስተያየት ከጠየቅሽ ግን ከደጃፉ ሲሶውን ብቻ ጠጠር አድርጊው። ዳር እስከ ዳር ጠጠር የሆነ የደሴ ደጃፍ ግንባታው ያላለቀ ቤት ይመስላል።

ከኮምቦልቻ የደወሉ ሐጂ፦ «በሬ ላይ የተከልኩት ቡገንቪሊያ ጣሪያ ደርሷል፤ ቅጠሉ ያምራል፣ አበባ ግን የለውም። ፍግ በየጊዜው አደርግለታለሁ፣ ጠዋት ማታም አጠጣዋለሁ።»

ሐጂ፣ ጥያቄው ውስጥ መልሱ አለ። ቡገንቪሊያ ሲመቸው ቅጠል እንጂ አበባ አያበዛም። ፍግና ዩሪያ ቅጠል ያስጨምሩታል፤ ጠዋት ማታ ማጠጣቱም እንዲሁ። ከመስከረም በኋላ ፍጉን ያቁሙለት፣ ውሃውንም አፈሩ ጣት እስኪገባ ድረስ ወደ ውስጥ ሲደርቅ ብቻ ይስጡት። ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ማግኘቱንም ይዩ፤ በደቡብ በኩል ያለው ግንብ ወይም የጎረቤት ባህር ዛፍ ጥላውን ጥሎበት ከሆነ ሌላው ድካም ከንቱ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለችና ሞቅ ያለች ስለሆነች አየሩ ከበቂ በላይ ይስማማዋል።

ሲያብብ አንዱን ዘለላ ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ቀዩ ነገር አበባው አይደለም፤ ቀለም የለበሱ ሦስት ቅጠሎች ናቸው። እውነተኛዎቹ አበቦች በመካከላቸው የቆሙት ነጫጭ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። አበባው እንዳለፈ ረጃጅሞቹን ቅርንጫፎች ይከርክሟቸው፤ ቀጣዩ አበባ የሚመጣው በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ነው። እሾሁ የእንግዳ ነጠላ እንዳይዝ በመግቢያው በኩል ያለውን አጥር ይከርክሙት።

ከሐይቅ ከተማ የደወለ ወጣት፦ «ደጃፌ ወደ ሐይቁ ያዘነበለ ነው። አረንጓዴ ሳር ብቻ እንዲሆን እፈልጋለሁ። የትኛውን ሳር ልትከል? ማዳበሪያስ ስንት ጊዜ?»

ሐይቅ ከደሴ የለዘበ አየር አላት፤ ከፍታዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ሐይቁም ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ስለሚለቅ ዳርቻው ላይ ውርጭ ይቀንሳል። ሁለት ሳር ይስማማሃል። ሰርዶ ድርቅ ይችላል፣ መረገጥ ይችላል፣ በበጋ ግን ቡናማ ይሆናል። ኪኩዩ ሳር ወፍራምና ለምለም ነው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተክል ስለሆነም ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ነገር ግን ያገኘው ሁሉ ውስጥ ይገባል። በአበባ መደብና በሳሩ መካከል አንድ ክንድ የሚጠልቅ የድንጋይ ድንበር ካልቀበርክ በሁለት ክረምት መደቡን ይወርሰዋል።

ማዳበሪያውን ተወው። የሐይቅ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ከደጅህ ታጥቦ የገባው ማዳበሪያ ወርዶ የሚሄድበት ስለሌለ እዚያው ይከማቻል፣ አልጌም ያበዛል። የታጨደውን ሳር እዚያው መሬት ላይ በትነው፣ በዓመት አንድ ጊዜም የበሰለ ብስባሽ ነስንስበት፤ ይበቃዋል። ከሁሉም በላይ በሐይቁ በኩል ሁለት ሜትር ያህል ሳይታጨድ የሚቀር ረጅም ሳርና ቁጥቋጦ ተው፤ ጎርፉን የሚያጣራልህ እሱ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ሐይቅ ላይ ቤት ኖሮኝ ሳር ብቻ አልተክልም ነበር። ቡና፣ ማንጎና ብርቱካን የሚያበቅል መሬት ነው። በመግቢያው ግራና ቀኝ ሁለት የቡና ዛፍ ቢቆም ዓመቱን ሙሉ የሚያብረቀርቅ ቅጠል፣ ዝናብ ነክቶት ሲያብብም ሽታው መንገድ ድረስ የሚደርስ ነጭ አበባ ይኖርሃል።

ከወልዲያ የደወሉ እናት፦ «ባለቤቴ ግቢውን በሙሉ በሴራሚክ እናስነጥፍ ይላል። ጭቃ ሰልችቶታል። እኔ ደግሞ አበባ እወዳለሁ።»

እትዬ፣ ባለቤትዎ ስለ ጭቃው ልክ ናቸው። ሴራሚኩ ግን በክረምት ያዳልጣል፣ በግንቦት ይጋላል፣ ውሃውንም አንድ ጠብታ ሳያስቀር ወደ መንገድ ይሰደዋል። ከበሩ እስከ ደረጃው ያለው መተላለፊያ ብቻ ሸካራ በሆነ ጥርብ ድንጋይ ይነጠፍ፤ ድንጋዩ በሲሚንቶ ሳይሆን በአሸዋ ላይ ይቀመጥ።

መሐሉን ባዶ ይተዉት። ይህን የምለው ለውበት አይደለም። እኛ አገር ደጃፍ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ነው፤ ሠርግም ሐዘንም እዚያ ነው የሚስተናገደው። መሐል ላይ ጥድ ወይም ፏፏቴ የተከሉ ሰዎች ድንኳን በመጣ ቀን መንገድ ሲዘጉ አይቻለሁ። ሰርዶ ይሁን መሐሉ፤ ተረግጦ ይነሣል። አበባው በአጥሩ ዙሪያ ይሁን፣ ቡና የሚፈላበት በረንዳ አጠገብ ደግሞ ጠጅ ሳር፣ በሶብላና ጤና አዳም። ለጤና አዳሟ ከተቀመጡበት ሳይነሡ እጅዎን መዘርጋት አለብዎት።

አጥሩን በየወፍ ቆሎ እንዳያስይዙት። አበባው ደስ ይላል፣ ነገር ግን ፍሬውን ወፍ ወስዶ ግጦሽ ላይ ይዘራዋል፣ ቅጠሉም ከብት ይመርዛል። ኦሊያንደር ደግሞ ከቅጠል እስከ ግንድ መርዝ ነው፤ ፍየልና ትንሽ ልጅ ያለበት ግቢ አይግባ። ጌሾ ይሞክሩ፤ ሲከረከም ጥቅጥቅ ብሎ የሚያብረቀርቅ አጥር ይሆናል፣ ቅጠሉም አይጣልም።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ፦ «ተከራይ ነኝ። ያለኝ የሲሚንቶ ደረጃ ብቻ ነው።»

ይበቃሃል። የዘይት ጀሪካን ግማሹን ቁረጥ፣ ታችውን በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሳ፣ ከሥሩ ጠጠር፣ ከላይ አፈርና ብስባሽ። ጌራኒየም ከጎረቤት ለምን፤ አንድ ጣት የሚያህል ቁራጭ ይሰጡሃል። አበባና እምቡጥ ካለው ቁረጥለት፣ የታችኞቹን ቅጠሎች አንሣ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አስቀምጠውና ትከለው። ቤት ስትቀይር ይዘኸው ትሄዳለህ።

ከቦሩ ሜዳ አካባቢ የደወሉ አባት፦ «ጽጌረዳዬን መቼ ልከርክም? ክረምት ሲሆን ቅጠሉ ጥቁር ጥቁር ነጥብ እያወጣ ይረግፋል።»

አባ፣ የደረቀውን አበባ ዓመቱን ሙሉ ማንሣት ይችላሉ። ዋናውን ክርከማ ግን ለጥር መጨረሻ ወይም ለየካቲት መግቢያ ያቆዩት። በጥቅምት ከከረከሙት ለምለሙ ቡቃያ ልክ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ላይ ይወጣና ይቃጠላል። የእርስዎ አካባቢ ሜዳ ስለሆነ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወርዶ እዚያ ይተኛል። በየካቲት ሲከረከም ግን ቡቃያውን በልጉ ይቀበለዋል።

የሞተውንና ወደ ውስጥ የገባውን ቅርንጫፍ መጀመሪያ ያስወግዱ። የቀረውን ሲቆርጡ ወደ ውጭ የሚያይ ቡቃያ ይፈልጉና ከእሱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይቁረጡ፤ ውሃው ቡቃያው ላይ እንዳይወርድ መቀሱን ከቡቃያው በተቃራኒ ወደ ታች ያዘንብሉት። ከተዳቀለበት ቋጠሮ በታች የሚወጣው ቅርንጫፍ የእርስዎ ጽጌረዳ አይደለም፤ ከሥሩ ገንጥለው ይጣሉት።

ጥቁሩ ነጥብ ፈንገስ ነው፣ በረጠበ ቅጠል ላይ ይራባል። ቁጥቋጦዎቹን አራርቀው ይትከሉ፣ ሲያጠጡም ግንዱ ሥር እንጂ ቅጠሉ ላይ አያፍስሱ። የረገፈውን ቅጠል በየሳምንቱ ለቅመው ያቃጥሉት፤ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ከጨመሩት በሚቀጥለው ክረምት ከብስባሹ ጋር ተመልሶ ይመጣል።