አንድ ዓይነት ድርቅ፣ ተቃራኒ ውጤት፦ ጎረቤት ዝርያን እንዴት ይለውጣል?

[ምስል፦ ከባሕር መሃል ብቅ ያለች ትንሽ የእሳተ ገሞራ ደሴት]

ይህቺ ደሴት ዳፍኒ ሜጀር ትባላለች። የምትገኘው በኢኳዶር፣ በጋላፓጎስ ደሴቶች ውስጥ ነው። ሰው አይኖርባትም። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ከ1973 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ተመላልሰውባታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሥራቸው ፊንች የሚባሉትን ወፎች መያዝ፣ እግራቸው ላይ ቀለበት ማሰር፣ ምንቃራቸውን ለክቶ መልቀቅ ነበር። በየዓመቱ ያንኑ መድገም። ዝግመተ ለውጥን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ማየት የቻልነው በዚህ ትዕግሥት ነው።

ዝግመተ ለውጥ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሚሊዮን ዓመታትን ነው። አየሩ ይለወጣል፤ ዝርያው ቀስ እያለ ይላመዳል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ጎረቤትን ይረሳል። ለአንድ ፍጡር አካባቢ ማለት ሙቀትና ዝናብ ብቻ አይደለም። የሚመገበው ተክል፣ ምግቡን የሚሻማው ሌላ ዝርያ፣ እሱን አድኖ የሚበላው አውሬም አካባቢው ናቸው። እነሱ ደግሞ ራሳቸው ይለወጣሉ።

[ምስል፦ የደረቀች ደሴት፣ መሬት ላይ የወዳደቁ እሾሃማ ፍሬዎች]

በ1977 ዳፍኒ ላይ ዝናብ ጠፋ። ትንንሽና ለስላሳ ዘሮች ቶሎ አለቁ። በብዛት የቀረው ጠንካራና እሾሃማ ፍሬ ነበር። በደሴቷ ላይ ከነበሩት፣ መካከለኛ ፊንች ከሚባለው ዝርያ ወፎች ውስጥ ትልቅ ምንቃር ያላቸው ፍሬውን ሰብረው በሉ። ትንሽ ምንቃር ያላቸው አብዛኞቹ አለቁ። የምንቃር መጠን ከወላጅ ስለሚወረስ፣ ቀጥሎ የተወለዱት ጫጩቶች በአማካይ ትልቅ ምንቃር ነበራቸው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ቀላል ነው። ድርቅ ሲመጣ ትልቅ ምንቃር ያሸንፋል።

በ1982 ግን ሌላ ዝርያ መጣ፤ ትልቁ ፊንች። መጀመሪያ የሰፈሩት ጥቂት ወፎች ብቻ ነበሩ። ምግብ እስካለ ድረስ ማንም ማንን አልጎዳም። ቁጥራቸው ግን ቀስ በቀስ ጨመረ። እሾሃማውን ፍሬ ደግሞ ከማንም በተሻለ ይሰብሩታል።

ከዚያ በ2003 እና በ2004 ድርቁ ተመለሰ። የ1977ቱን የሚያውቅ ሰው አሁንም ትልቅ ምንቃር እንደሚያተርፍ ይጠብቃል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ጠንካራውን ፍሬ ትልቁ ፊንች ጠራርጎ በላው። በዚያው ፍሬ ላይ የተንጠለጠሉት ባለ ትልቅ ምንቃር መካከለኛ ፊንቾች በረሃብ አለቁ። የተረፉት በትንንሽ ዘር መኖር የሚችሉት፣ ባለ ትንሽ ምንቃሮቹ ናቸው። የመካከለኛው ፊንች አማካይ ምንቃር በአጭር ጊዜ ውስጥ አነሰ። በ2016 ደግሞ በዚያ ድርቅ ማን እንደተረፈና ማን እንደሞተ ከአንድ ጂን ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑ ታወቀ። ጂኑ ኤችኤምጂኤ2 ይባላል።

ለእኔ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የለም። ደሴቷ ያችው፣ ወፉ ያው፣ ድርቁም ድርቅ ነው። አቅጣጫውን የገለበጠው ጎረቤቱ ነው።

[ምስል፦ ሆዱ ብርቱካንማ የሆነ ኒውት፣ ከጎኑ እባብ]

ጎረቤቱ በላተኛ ሲሆንስ? በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ኒውት የሚባል የእንቁራሪት ዘመድ አለ። ቆዳው ውስጥ ቴትሮዶቶክሲን የተባለ፣ ነርቭን የሚያሽመደምድ መርዝ አለው። አንዳንዱ ኒውት የያዘው መርዝ ሰው ሊገድል ይችላል። ጋርተር የሚባለው እባብ ግን ይበላዋል። መርዙ ነርቭ ላይ የሚጣበቅበት ፕሮቲን በእባቡ ውስጥ በሚውቴሽን (በጂን ላይ በሚከሰት ለውጥ) ስለተለወጠ መርዙ በደንብ አይዘውም።

መርዙ ሲበረታ እባቡ ይጠነክራል፤ እባቡ ሲጠነክር መርዙ ይበረታል። ፉክክሩ ግን በየቦታው እኩል አይደለም። በቫንኩቨር ደሴት ኒውቶቹ መርዝ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ እባቦቹም መቋቋሚያው የላቸውም። በሌሎች አንዳንድ ቦታዎች ደግሞ እባቡ ቀድሞ ሄዷል። እዚያ ካሉት ኒውቶች የትኛውም መርዝ አያቆመውም። እንዲህ ሲሆን የበለጠ መርዝ የያዘው ኒውት ካልያዘው እኩል ይበላል፤ ከእባቡ በኩል መርዙን የሚያጠነክር ግፊትም አይኖርም።