ህሪፕሲሜ

እሺ... እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ቤት ኪራዩ ላወራችሁ ነበር፤ ይቆየን። እዚህ ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ የግሌንዴሉ ዳቦ ቤት ነገር አልወጣልኝም። ሦስት ሳምንት ሆነው።

ታውቃላችሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ላህማጁን፣ ያ የተፈጨ ሥጋ የተቀባበት ስስ ቂጣ፣ የምገዛበት፣ አርመኖቹ ጋ። ተራዬ ደርሶ ስም ጠየቁኝ። "አርሴማ" አልኩ። ከኋላ ሊጥ የሚያሹት እናት ቀና አሉ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ዱቄት ነው። "ከየት ነሽ?" አሉኝ። ከኢትዮጵያ። "ስምሽ የቅድስቲቱ ነው?" አዎ። ፊታቸው በራ። "ህሪፕሲሜ!" አሉ። "የአያቴ ስም። የእኛ ናት።"

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "አይ፣ ይሄ ሌላ ነው። አርሴማ የኛ ስም ነው።"

እንዲህ፣ ቶሎ ብዬ።

እሳቸው አልተከራከሩኝም። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። የወረቀት ከረጢት አነሱና እስክሪብቶ ፈለጉ። ጻፉ። ስሙን በአርመን ፊደል፣ ቀስ ብለው፣ ለልጅ እንደሚያሳዩት። ዳቦውን እዚያ ውስጥ ከተው ሰጡኝ። ቤት ገብቼ ቆጠርኩት፤ 8 ፊደል ነው። የኔ 4 ነው። ከረጢቱ አሁን ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ዘይት ጠጥቷል፤ ጽሑፉ ግን ደህና ነው።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ የቅድስቲቱን ገድል ማወቄ ነው። መስከረም 29 እማዬ ስንቴ ይዛኝ ሄዳለች! ዲዮቅልጥያኖስ ሊያገባት ሲል ከሮም ሸሸች። አርማንያ ገባች። ንጉሡ ድርጣድስ ደግሞ ተመኛት፣ እምቢ አለችው፣ ገደላት። ከዚያ እሱ እሪያ መሰለ። ንጉሡ ጉድጓድ ያስጣለው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ወጥቶ ፈወሰው። አርማንያ፣ አርማንያ... ስንቴ ሰማሁት! ግን ለኔ የገድል አገር ነበረች። አያት ያለው ሰው፣ ሊጥ የሚያሽ ሰው የሚኖርባት አልመሰለኝም።

ጉድጓዱ እኮ ዛሬም አለ። ኮር ቪራፕ ይሉታል፤ አራራት ተራራ ፊት ለፊቱ ነው። እነሱ ሲተርኩት ጎርጎርዮስ እዚያ 13 ዓመት ተጥሎ ቆየ። የአርሴማን ገዳም እመምኔት እኛ አጋታ ስንል እነሱ ጋያኔ ይላሉ። የህሪፕሲሜ ቤተ ክርስቲያን እዚያው አርማንያ፣ ቫጋርሻፓት ከተማ ነው ያለው። በፈረንጆቹ 618 የተሠራ፣ ንጉሥ ላሊበላን ከ500 ዓመት በላይ የሚቀድም። መቃብሯ ከሥሩ ነው። ስንክሳራችን ደግሞ ከአረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። አረቦቹ አርብሲማ ይሏታል። "ብ"ው መንገድ ላይ ቀረና አርሴማ ሆነች። ያው እሷው ናት።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በዚህ ስም ሌላ ማን አለ ብዬ ፈለግኩ። ህሪፕሲሜ ኩርሹድያን፣ ክብደት አንሺ። ለንደን 2012 ከ75 ኪሎ በላይ ነሐስ አግኝታ ነበር። በኋላ ናሙናው እንደገና ሲመረመር የተከለከለ መድኃኒት ተገኘ። በ2016 ሜዳሊያውን ተነጠቀች። አዘንኩ። የማላውቃት ሴት ናት፣ ሀዘኑ ከየት እንደመጣ... ስሟ ስሜ ስለሆነ ይሆናል።

ግን "የአያቴ" ነው ያሉኝ። እሳቸው ሰባ ዓመት አይሞላቸውም ብላችሁ ነው? እንግዲህ አያታቸው በፈረንጆቹ 1915 ስንት ዓመቷ ነበር? ቱርኮች አርመኖችን የፈጁበትን ዕልቂት አይታለች? እንጃ። አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ ዘመን የወጡ ሕፃናት እኮ እኛም ጋ መጥተዋል። አርባ ልጆች! ራስ ተፈሪ በፈረንጆቹ 1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው፣ የሙዚቃ ባንዱ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይሄን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። አውቄ ነው ለኚያ ሴት "ይሄ የኛ ነው" ያልኩት። ምናልባት ከአያታቸው የቀራቸው ስሟ ብቻ ቢሆንስ? ወይም ደግሞ ምንም አልመሰላቸውም። ሳቅ ብለዋል እኮ። ሳቅ ያሉ መሰለኝ።

የኛም ነው ግን። አይደለም እንዴ? እማዬ ተስላ ነው የወለደችኝ። ያንን ደግሞ ማን... ተዉት።

ባለፈው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ይቅርታ ልላቸው፣ የእሳቸውንም ስም ልጠይቅ። አልነበሩም። አንድ ልጅ ነው የቆመው። "ስም?" አለኝ። "አርሴማ።" ቀና ሳይል ጻፈ። እንዴት እንደጻፈው ማየት ፈለግኩ፣ ከኋላዬ ወረፋው ረዝሟል...